ኤኤምአር፦ ለወሬ ተሠርቶ ሠርግና ለቅሶ የቀዳው የድምፅ ፎርማት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አስፋልት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቆቦ ይገባል፤ ከቆቦ ወጥቶ ዋጃን ያልፍና ወደ አላማጣ ይቀጥላል። ግራና ቀኙ የራያ ቆላ ነው፤ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ የሚያጠጡበት ሰፊ ሜዳ። በዚህ መንገድ እህል፣ ከብትና ሸቀጥ ሲመላለስ ድምፅም አብሮ ሲመላለስ ኖሯል። መጀመሪያ በሰው አንደበት፣ ቀጥሎ በካሴት፣ ኋላም በትንሽ ስልክ ውስጥ በተጨመቀ ፋይል። የዚህ ትረካ ባለታሪክ ይህ የመጨረሻው ነው። ስሙ ኤኤምአር ይባላል። አብዛኛው ተጠቃሚ ስሙን ሳይሰማ ለዓመታት ሲቀዳበት ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ቅጂዎቹ እየጠፉ ነው።

ከአንደበት ወደ ካሴት

የወሎ ዜማ ስም ያወጣው መቅጃ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። የሠርጉ ዘፈን፣ የሐዘኑ ሙሾ፣ የእስልምናው መንዙማ ከአንዱ ትውልድ ወደሚቀጥለው የተላለፈው በጆሮ ነበር። የረሳ አስታዋሽ ይጠይቃል፤ አስታዋሹ ከሞተ ግጥሙም አብሮት ይቀበራል።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የማሳተሙ መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር ሥራው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ በራሱ ስም የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ ከወልድያ የተነሣው አያሌው መስፍንም በካይፋ ስም ሸክላ ያሳተመ ድምፃዊ ነው። ሸክላ ግን የከተማ ዕቃ ነበር። ማጫወቻው ውድ ነው፣ ሳህኑ ይሰበራል፣ መብራት የሌለበት የቆላ መንደር ድረስም እምብዛም አይዘልቅም።

እስከ ገጠር የዘለቀው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ አቀረበ፤ በደርግ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላን ፈጽሞ ተካው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ በየሻይ ቤቱ፣ በየጠጅ ቤቱና በየመኪናው ገባ። በዚህ አውራ ጎዳና የሚመላለሱ ሾፌሮችም ከአዲስ አበባና ከደሴ አዳዲስ ካሴት ይዘው ይመጡ ነበር። ቆላው ግን ለካሴት አይመችም። ሙቀትና አቧራ ክሩን ያበላሹታል፤ ቴፑ ሲበላው በእስክሪቢቶ እያጠነጠኑ ይመልሱታል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ሽሽታው ይጨምራል፣ ድምፁ ይደክማል።

ካሴት ደብዳቤም ሆኖ አገልግሏል። ከአገር ርቆ የሄደ ልጅ «እማዬ እንዴት ነሽ፣ አባዬ እንዴት ነህ» ብሎ ጀምሮ ሙሉ ገጹን እስኪጨርስ ይናገርና ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። ቤተሰቡም ጎረቤት ጠርቶ ያዳምጣል፤ በተራው በሁለተኛው ገጽ ቀድቶ ይመልሳል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ አልነበረም። ይህ ልማድ መታወስ አለበት፤ ስልክ በእጅ ሲገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ድምፅ መቅዳት የሆነው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው እሱ ነውና።

ንግግር ስንት ቁጥር ይበቃዋል?

የስልክ መሐንዲሶች ጥያቄ ከካሴትም ይቀድማል። ሽቦ ውድ ነው፤ በአንድ ሽቦ ብዙ ሰው እንዲያወራ ከተፈለገ የእያንዳንዱን ድምፅ ማሳነስ ግድ ነው። በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የሚሠራው ሆመር ደድሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ንግግርን ከፋፍሎ የሚልክና በሌላው ጫፍ መልሶ የሚገጣጥም መሣሪያ ሠራ። የዚሁ ሥራ ውጤት የሆነው የሚናገር ማሽን እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በቤል ላብራቶሪ የህንድ ተወላጁ ቢሽኑ አታል፣ በጃፓን ደግሞ ፉሚታዳ ኢታኩራ ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ የሒሳብ መሠረት ሰጡት። ድምፅ የሚነሣው ከጉሮሮ ነው፤ ቃል የሚሆነው ግን አፍ፣ ምላስና ከንፈር ሲቀርጹት ነው። ስለዚህ የድምፁን ሞገድ እንዳለ ከመላክ ይልቅ የአፉን ቅርጽና የጉሮሮውን ንዝረት የሚገልጹ ጥቂት ቁጥሮችን መላክ ይበቃል። ተቀባዩ መሣሪያ ከቁጥሮቹ ተነሥቶ ንግግሩን እንደ አዲስ ይሠራዋል። በሞባይል የምንሰማው የዘመድ ድምፅ በዚህ መንገድ እንደገና የተሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 አታልና ጀርመናዊው ማንፍሬድ ሽሮደር አንድ ትልቅ ማሻሻያ አቀረቡ፤ ላኪውም ተቀባዩም ተመሳሳይ የንዝረት መዝገብ ይኖራቸዋል፣ የሚላከው በመዝገቡ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ፍለጋው ግን ከባድ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ኃያላን ኮምፒውተሮች አንዱ በሆነው ክሬይ-1 ላይ የአንድ ሴኮንድ ንግግር ለመጭመቅ 150 ሴኮንድ ፈጀ። ይህ ሥራ በኪስ ውስጥ በምትገባ ስልክ ይሠራል ብሎ ያሰበ ጥቂት ሰው ነበር። በካናዳ የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን መዝገቡን በጥቂት ሕጎች የሚገለጽ አድርገው ፍለጋውን አሳጠሩት።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1991 በፊንላንድ የመጀመሪያው የጂኤስኤም ስልክ ጥሪ ተደረገ፤ ደዋዩ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልከሪ ነበሩ። ያኔ ድምፁ የሚጨመቀው በሴኮንድ 13 ሺህ ቢት ሲሆን የሰውን ድምፅ ያሻክረው ነበር። የተሻለ ስልት ሲፈለግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤሪክሰን፣ ኖኪያና ሲመንስ አብረው ያዘጋጁት ስልት ለሞባይል መደበኛ የንግግር መጭመቂያ ሆኖ ጸደቀ። ኤኤምአር የተባለው ይህ ነው።

ኤኤምአር ንግግርን በሴኮንድ 50 ቦታ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱን የ20 ሚሊሴኮንድ ቁራጭ መርምሮ የአፉን ቅርጽ፣ የጉሮሮውን ንዝረትና የድምፁን ጉልበት በቁጥር ይጽፋል። ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ትልቁ በሴኮንድ 12 ሺህ 200 ቢት፣ ትንሹ 4 ሺህ 750 ቢት ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ለንግግሩ የሚሰጠውን ቢት ይቀንስና የተረፈውን ስሕተት ለማረም ያውለዋል። ከአንቴና ርቆ ሜዳ ላይ ለሚያወራ ሰው የድምፁ ጥራት ቢቀንስም ቃሉ እንዳይቆራረጥ የሚያደርገው ይህ ዘዴ ነው። አንደኛው ተናጋሪ ዝም ሲል ደግሞ ድምፅ መላኩ ይቆማል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የአካባቢውን ጫጫታ የሚገልጽ አጭር መረጃ ይላካል፣ የወዲያኛው ስልክም መሰል ጫጫታ ፈጥሮ ያሰማል። እንዲህ ባይደረግ አድማጩ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለውና «ሃሎ? ሃሎ?» ይል ነበር።

ሞባይል ወደ ቆላ ሲወርድ

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ለዓመታት የባለሥልጣንና የነጋዴ ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ ሲም ካርድ ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘጋና እስከ ሚሊኒየሙ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ስለዚህ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሞባይልን የተዋወቀው በድምፅ ብቻ ነው። ሚሊኒየሙ ሲብት፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በተቆጠረበት አገር፣ የሞባይል ደንበኛው ገና 2 ሚሊዮን አልሞላም።

ለውጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1999 ዓ.ም. በተደረገው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስምምነት መሠረት አንቴናዎች በየአውራ ጎዳናው ተተከሉ። ኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የቀድሞውን ኮርፖሬሽን ተካ። በዚያው ሰሞን እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክኖ ስልኮች ባለቤት የሆነው የቻይና ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ። ሁለት ሲም የሚይዝ፣ በአማርኛ የሚጻፍበት፣ ባትሪው የሚበረክትና ድምፁ የሚጮህ ስልክ በየገበያው ተሸጠ። ባትሪው የሚበረክት መሆኑ ለገጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ቀን ከተማ መውጣት የነበረበት ብዙ ነውና።

እነዚህ ስልኮች ድምፅ መቅጃ ነበራቸው። ኤኤምአርን ለጥሪ ስትል ስልኳ ቀድሞውኑ ታውቀዋለች፤ አምራቾቹም ያንኑ ስልት ለመቅጃው ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 የፋይሉ አቀማመጥ በይፋ ተጽፎ ወጣ። አቀማመጡ ቀላል ነው፤ በፋይሉ ራስ ላይ የፎርማቱን ስም የሚናገሩ ስድስት ባይቶች አሉ፣ ከዚያ በኋላ የ20 ሚሊሴኮንዱ ቁራጮች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ይደረደራሉ። በትልቁ ደረጃ የተቀዳ አንድ ቁራጭ 32 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ቅጂ 96 ሺህ ባይት፣ የአንድ ሰዓቱ ደግሞ 6 ሜጋባይት የማይሞላ ይሆናል። አንድ ደቂቃ የሲዲ ሙዚቃ በሚይዘው ቦታ 110 ደቂቃ ኤኤምአር ይገባል። በአንድ ጊጋ ሜሞሪ ከ170 ሰዓት በላይ ይቀዳል።

ሠርግ፣ ለቅሶና መንዙማ

ስልኩ ከእጅ እንደገባ ሰው መቅዳት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ የኖኪያ ዘመናዊ ስልኮች መቅጃው በአንድ ደቂቃ ያበቃ ነበር፤ በኋላ የመጡት የቻይና ስልኮች ሜሞሪው እስኪሞላ ይቀዱ ጀመር። ያኔ የሠርግ ቤት ጭፈራ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የአልቃሽ ግጥም፣ የመስጊድ መንዙማ፣ የቤተ ክርስቲያን ስብከት ሁሉ በኤኤምአር ገባ። ቪዲዮም ቢሆን አልቀረም። በእነዚያ ስልኮች የሚቀረጸው ትንሽ ምስል ድምፁ በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ ምስሉ ደብዝዞ፣ ዘፈኑ እንደ ስልክ ወሬ ተሰልቦ።

መሐንዲሶቹ ያሰቡት ለዚህ አልነበረም። ኤኤምአር የተሠራው አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ድምፁን እንዲይዝ ነው። ድምፅን የሚወስደው በሴኮንድ 8 ሺህ ናሙና ስለሆነ ከ4 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይጣላል፤ በተግባር የሚተርፈው ከ200 እስከ 3 ሺህ 400 ኸርዝ ገደማ ነው። «ሰ» እና «ሸ» የሚቀራረቡት፣ የከበሮው ጉምጉምታ ወደ ቡጢ ድምፅ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከንዝረቱ ነው። ስልቱ በአንድ ጊዜ የሚከተለው አንድ ጉሮሮን ነው። መሲንቆ አንድ ጭራ ስላለው በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ቃና ነው፤ ቀለሙ ቢገረጣም ዜማው ይተርፋል። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት ጅማት አለው። ሁለት ሦስቱ አብረው ሲነዝሩ ስልቱ የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋበትና ድምፁ ይንቦጫረቃል። ከሁሉ የከፋው መንዙማ ላይ ያለው ነው። አውጪው ብቻውን ሲያወጣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ሲቀበሉ፣ ድቤው ሲመታና ጭብጨባው ሲደምቅ ድምፁ ተደበላልቆ ይበላሻል። ሸሆቹ የሚከበሩበት፣ መንዙማ ትልቅ የቃል ሀብት የሆነበት ወሎ ይህን ሀብቱን በብዛት የቀዳው ለዚህ ሥራ ጨርሶ ባልተሠራ መሣሪያ ነው።

ሙሾ ግን ሌላ ነው። አልቃሿ ብቻዋን ስትገጥም፣ ሌላው አዳምጦ በተራው ሲቀበላት፣ ኤኤምአር በሚገባ ይከተላታል። ቃሉ ይለያል፣ ስሙ ይሰማል፣ የማን ልጅ እንደሆነና በምን ሥራ እንደሚታወስ የተገጠመው ሁሉ ይያዛል። የምርቃቱም እንዲሁ። ለንግግር የተሠራው ስልት በቆላው ልማድ ውስጥ ከዘፈን ይልቅ ግጥሙን ያተረፈው ለዚህ ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የዚያን ዘመን የራያ ሙሾ ወይም ምርቃት ልሰብስብ ቢል፣ ከእነዚህ ፋይሎች ቅኝቱን በትክክል ላያገኝ ይችላል፤ ቃሉን ግን ያገኛል።

የሜሞሪ ዘመን

ከቅጂው ጎን ለጎን የንግዱ ዘፈን በሌላ ፎርማት መጣ። ኤምፒስሪ የተወለደው በጀርመን ኤርላንገን ሲሆን ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ መነሻ ያደረጉት የሰውን ጆሮ ነው፤ ጆሮ የማይሰማውን መርጦ ይጥላል። ኤኤምአር ከጉሮሮ ተነሣ፣ ኤምፒስሪ ከጆሮ። ስለዚህ ኤምፒስሪ ክራርም ኦርጋንም ቢመጣበት አይደናገርም፤ በምትኩ ብዙ ቦታ ይወስዳል። በተለመደው መጠን አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ነው፣ ከኤኤምአር አሥር እጥፍ።

በቆቦም እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ዘፈን የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች ተከፈቱ። ደንበኛው ሜሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ይሰጣል፤ ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ «የምን ልጫንልህ?» ይላል። የወሎ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የህንድ ፊልም እያለ በየፎልደሩ ለይቷል። ሒሳቡ በዘፈን ቁጥር ወይም በጊጋ ነው። ዋጃን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ አንዱ ያስጫነው በብሉቱዝ ለመንደሩ ሁሉ ይዳረሳል።

ለድምፃውያኑ ይህ ዘመን መራራ ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ ነበር፤ ያለፈቃድ ማባዛትን ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ በሥራ ላይ ሳይደላደል ማባዛቱ ከካሴት ፋብሪካ ወጥቶ የጣት ጥፍር በምታክል ሜሞሪ ውስጥ ገባ። ካሴትና ሲዲ የሚሸጡ ሙዚቃ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያወጡት ለዚህ መፍትሔ ብለው ነው፤ ኤልያስ ግን በዚያው ዓመት፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ።

የሜሞሪው ሱቅ ኤኤምአርን ሳያስበው ጎድቶታል። አዲስ ዘፈን ሲጫን ቦታ ከጠበበ የሚጠፋው የቤተሰቡ ቅጂ ነው። ዘፈን የድምፃዊና የአልበም ስም አለው፤ የቤተሰብ ቅጂ ግን ስልኩ ራሱ የሰጠውን ተራ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። «ይሄ የማን ነው? ላጥፋው?» ይላል ባለሱቁ። «አጥፋው» ይባላል። ካሴት ከሆነ ቢያንስ በላዩ የተጻፈበት ወረቀት ይኖረው ነበር።

የዓረብ አገር ድምፅ

ከራያ ቆቦና ከአካባቢው ወጣቱ በብዛት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰዷል፤ አብዛኛው በጅቡቲና በየመን በኩል፣ በእግርና በጀልባ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሳዑዲ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ሲመለሱ ስልክ ይዘው ነው፤ ስልኩም በድምፅ መልእክት የተሞላ ነበር።

በዚያው ዓመት ዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ጀመረ። በመጀመሪያው ሰሞን በአንዳንድ ስልኮች መልእክቱ የሚቀመጠው በኤኤምአር ነበር። የድሮው የካሴት ደብዳቤ ተመለሰ ማለት ነው፤ ልዩነቱ መንገደኛ መጠበቅ አለመኖሩ ነው። እናት ማንበብ ባትችልም የልጇን ድምፅ ደጋግማ ትሰማለች፤ ጠቅ አድርጋ ትመልሳለች። ኢሞ የተባለው መተግበሪያም በተመሳሳይ መንገድ በዓረብ አገር ባሉትና በቤተሰባቸው መካከል ዋና ድልድይ ሆነ።

መሰናበቻው

ኤኤምአርን ከመቅጃነት ያስወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሜሞሪ መርከስና የተሻለ ስልት መምጣት። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰፋ ያለ ድምፅ የሚይዘው ታናሽ ወንድሙ ጸድቆ ነበር፤ እስከ 7 ሺህ ኸርዝ ድረስ ስለሚይዝ «ሰ» እና «ሸ»ን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኦፐስ የተባለው፣ ያለክፍያ ማንም የሚጠቀምበት ስልት መደበኛ ሆኖ ወጣ። ኦፐስ ንግግርም ሙዚቃም ይችላል፤ የሚያወራ ሰው ሲዘፍን ስልቱን ይለውጣል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ የድምፅ መልእክታቸውን በዚህ አደረጉ። ዘመናዊ ስልኮችም መቅጃቸውን ወደ ሌላ ፎርማት ቀየሩ። ኤኤምአር በአሮጌው ኔትወርክ ላይ ጥሪ ማስተናገዱን ቢቀጥልም ለመቅዳት ግን የሚመርጠው ጠፋ።

በራያ ቆላ መሰናበቻው ከሌላው አገር ይልቅ ከባድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦና አካባቢው ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በቆቦ ግንባር እንደገና አገረሸ። የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ሰው ከቀየው ተፈናቀለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠፋው ስልክ ብቻ አይደለም፤ የሞተ አባት ምርቃት፣ የአያት ሙሾ፣ የልጅ የሠርግ ዘፈን በውስጡ አለ። ሌላ ቅጂ ያልነበረው ሁሉ በዚያው ቀረ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን ሲያስቆም ሰው ቤቱን ጠገነ፣ አዲስ ስልክ ገዛ፤ በአዲሱ ስልክ ውስጥ ግን የድሮው ድምፅ የለም።

የተረፈውን ለማትረፍ

ብዙ ሰው የሚፈራው ፎርማቱ ስለተረሳ ፋይሉ አይከፈትም ብሎ ነው። ይህ ፍርሃት ልክ አይደለም። የኤኤምአር አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፎ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው፤ ኤፍኤፍምፔግ የተባለውና በነጻ የሚገኘው ፕሮግራም እስከ ዛሬ ይፈታዋል። የሚያሰጋው ሜሞሪውና ስልኩ ነው። ሜሞሪ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ መረጃው ሊጠፋ ይችላል፤ የስልክ ባትሪ ያብጣል፤ በስልኩ ሆድ ውስጥ የተቀዳው ደግሞ ስልኩ ካልበራ አይወጣም። እነዚህ ስልኮች አብዛኞቹ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ስልክ ያለው ሰው በዚህ ሳምንት ያውጣው። ሜሞሪ ካለው ነቅሎ ኮምፒውተር ያለው ሰው ዘንድ ይውሰድና ፋይሎቹን እንዳሉ በሁለት ቦታ ያስገልብጥ። ሜሞሪ ከሌለው ስልኩን በአዲስ ባትሪ አብርቶ በብሉቱዝ ያውጣ። ለማዳመጥ እንዲመች ወደ ሌላ ፎርማት ማስቀየር ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ፋይል ግን አያጥፋ፤ በተቀየረ ቁጥር የሚቀንስ ነገር ይኖራልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፍ። «አባባ ሲመርቁ፣ ዋጃ፣ 2004» ተብሎ የተጻፈበትን ፋይል ማንም ባለሱቅ «ላጥፋው?» አይልም።

ለወልድያ ዩኒቨርሲቲና ለወሎ ዩኒቨርሲቲም አንድ ቃል አለን። የአገሩን ሙሾ፣ መንዙማና ምርቃት ለመሰብሰብ አዲስ የመስክ ጥናት እስኪደራጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሕዝቡ ራሱ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ቀድቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ባለድምፆች አርፈዋል። በገበያ ቀን ቆቦና ዋጃ ላይ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሜሞሪ ማንበቢያ የያዘ ተማሪ ቢቀመጥ፣ ሰው ፈቅዶ የሚሰጠውን ቢገለብጥለትና የባለድምፁን ስም ቢጽፍለት፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ትልቅ የድምፅ መዝገብ ይሠራል። ስልኮቹ ግን ሌላ አሥር ዓመት አይጠብቁም።